አንዲት ከረሜላ

በዚያ ሰፈር ‹ካሮት› ሲባል አትክልቱን የሚያስብ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያስበው የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራዋን ሴት ነው። ልጅ ይዛ የምታልፍ እናት መንገድ ላይ ካገኘች ማንም ሳይጠይቃት አስቁማ የልጁን አፍ ታያለች። አገጩን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ «አንተ፣ እስቲ ክፈት» ትለዋለች፤ ልጁም እንደ ተፈታሽ ይከፍታል። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል። ብስኩት ይቅር፣ ከረሜላ ይቅር፣ ለስላሳ መጠጥ በደጃችሁ አይለፍ፤ መክሰስ ሲያምረው ካሮት ስጪው። ስሙን ያወጡላት የእነዚያው ልጆች አባቶች ናቸው። እሷ ግን አልከፋትም። በስድብና በማዕረግ መካከል የቆመ ስም ነበር፤ ከማዕረጉ ወገን አድርጋ ተቀበለችው።

ሐኪም እንዳትመስላችሁ። የሐኪም ረዳትም አይደለችም። ተረኛ ትጠራለች፣ መቆንጠጫውንና ትንሿን መስታወት አጥባ ትቀቅላለች፣ ደም የነካውን ጥጥ ትሰበስባለች፣ የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣ እጁን ትይዛለች። በተጠባባቂዎች ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። በአንዱ በኩል ከረሜላ፣ ቸኮሌትና ለስላሳ መጠጥ በቀይ ተሰርዘው ይታያሉ፤ በሌላው በኩል ካሮት፣ ወተት፣ አይብ፣ ብርቱካንና ወይን ዓይንና አፍ ተሥሎላቸው ይስቃሉ። የካሮት ትምህርት ቤት ይህ ግድግዳ ነው። ወለሉን ስትወለውል ታየዋለች፣ ወንበር ስታስተካክል ታየዋለች። ሰው ደግሞ ብዙ ዓመት ያየውን ነገር ያወቀው ይመስለዋል።

በዚህ ነገር ላይ እንዲህ የጠነከረችው ያለ ምክንያት አልነበረም። በልጅነቷ ያሳደጋት ስኳር የበዛበት ሻይና በእሱ የራሰ ዳቦ ነው፤ ገና ኮረዳ ሳትባል የላይኛው የፊት ጥርሷ ተበልቶ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እጇን አፏ ላይ ሳትጭን ስቃ አታውቅም። የሠርግ ፎቶግራፏን ያየ ሰው በግድ የተዳረች ይመስለዋል፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ ግንባሯን ቋጥራ የቆመችው ግን ጥርሷን ፈርታ ነበር። ሴት ልጅ በወለደች ጊዜ አንድ ነገር ለራሷ ማለች፤ ይህች ልጅ አፏን ሳትሸፍን ትስቃለች። ከዚህ ሌላ ከዚህ ዓለም የፈለገችው ነገር ብዙ አልነበረም።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል። ስለዚህ ልጅቷን ከትምህርት ቤት የሚያመጧት፣ ምሳዋን የሚያሞቁላት፣ እናቷ እስክትገባ ድረስ የሚያጫውቷት አማቷ፣ የባሏ አባት ነበሩ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ጎሚስታ ነበሩ። ጎማ ሲፈቱ፣ ሲለጥፉ፣ ሲነፉ ኖረው ጉልበታቸው ሲከዳቸው ልጃቸው ቤት ተጠጉ። አፋቸው ውስጥ አንድም ጥርስ አልቀረም። ካሮት ሰው ሠራሽ ጥርስ እናስገጥምልዎ ብትላቸው «ተይ ልጄ፣ ሞተሩ ላለቀለት መኪና አዲስ ጎማ አይገዛም» ብለው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ አፋቸውን አይሸፍኑም።

የኮታቸው ቀኝ ኪስ የከረሜላ ኪስ ነበር። ጥርስ ለሌለው ሰው ከረሜላ ምግብም ጨዋታም ነው፤ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዘዋወሩ ይውሉበታል። ልጅቷም አፏን ሳትፈታ ወደዚያ ኪስ የሚወስደውን መንገድ አውቃ ነበር። ካሮት ይህን ያየች ዕለት አልጮኸችም። ልጅቷን ወደ ውስጥ ልካ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ምን ልጄ?»

«ለልጅቷ ከረሜላ አይስጧት። እርስዎ የፈለጉትን ይብሉ፤ እሷን ግን ይተዉልኝ። የእኔን አፍ ያዩታል አይደል?»

ሽማግሌው አፏን አላዩም፤ አቀረቀሩ። ከዚያ እጃቸውን ሰድደው ኪሳቸውን ገለበጡትና ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አራገፉት። «እሷ እያየችኝ ብቻዬን አልበላም። ለእኔም ይቅር» አሉ። ግን እንደ ተበደለ ሰው ቀና አሉ። «ታዲያ ምን ልስጣት? ባዶ ኪስ ያለው አያት ምኑ አያት ነው?»

«አይብ፣ ኦቾሎኒ፣ የተቀቀለ እንቁላል…»

«እንቁላሉ ኪስ ውስጥ አይሆንም። ኦቾሎኒ ይሁን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ኪስ የኦቾሎኒ ኪስ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌው በዚያ ጎማ ባጠቆረው ጣታቸው ኦቾሎኒውን ፈልፍለው፣ ልጣጩን አሽተው እፍ ይሉና ፍሬውን በልጅቷ መዳፍ ላይ ያኖራሉ። ራሳቸው አንዷንም መብላት አይችሉም። «እንዴት ነው፣ ይጣፍጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። «ይጣፍጣል» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም የበሉ ያህል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የትምህርት ቤቱን መክሰስ ግን ካሮት ለማንም አትተውም። መጀመሪያ በስሟ የምትጠራበትን አትክልት እየቆረጠች ጨመረችላት፤ ልጅቷ ሳትነካው እየመለሰች አስቸገረች። ካሮትም ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ወይን አለ። እሸቱ ወይን በቦርሳ ውስጥ ይፈርጣል፤ ዘቢብ ግን ያው ወይን አይደል? በትንሽ ዕቃ ሞልታ አስያዘቻት። ብርቱካን አለ፤ ጨምቃ በጠርሙስ አደረገችው፤ ልጅቷ ከጠዋት እስከ ምሳ እየተጎነጨች ትማራለች። ቴምር ሥዕሉ ላይ ባይኖርም ፍሬ ነው። ማርም ከንብ እንጂ ከፋብሪካ አልወጣም፤ ስለዚህ ዳቦው ላይ ማር፣ ሲመሽ ወተቷ ውስጥ ማር፣ ያውም ጥርሷን ቦርሻ አልጋዋ ውስጥ ከገባች በኋላ። «ከፋብሪካ የወጣ ጣፋጭ በልጄ አፍ አይገባም» ትላለች በኩራት። እናቶቹም እየሰሙ ለየልጆቻቸው ዘቢብ ገዙ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንድ ጠዋት ጉንጯ አብጦ ተነሣች። ካሮት የሌሎችን ልጆች እጅ በምትይዝበት ወንበር አጠገብ ያን ዕለት የራሷን ልጅ እጅ ይዛ ቆመች። ዶክተሩ በትንሿ መስታወት አፏን አዩ። አንዱ የመንጋጋ ጥርስ የሚድን አልነበረም፤ ከጎኑ ያሉትም ተቦርብረዋል። ልጅቷ ስትጮህ ካሮት የማደንዘዣውን መርፌ ራሷ ያቀበለችበትን እጇን ጠላችው።

«ቤት ውስጥ ከረሜላ ይበዛል እንዴ?» አሉ ዶክተሩ።

«በፍጹም። እኔ እኮ…» አለችና ቆመች። የኮቱ ቀኝ ኪስ ትዝ አላት። «አያቷ ናቸው አብረዋት የሚውሉት።»

«እህ፣ አያቶች» አሉ ዶክተሩ፣ እጃቸውን ወደሚታጠቡበት እየዞሩ። በዚሁ አለቀ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ሥሩን የጠየቀ አልነበረም። ጥፋተኛ ሲገኝ ጥፋቱን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው።

ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ጠበቋቸው። ካሮት የሥራ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«አባባ፣ ለልጄ ከረሜላ ሰጥተዋታል?»

ሽማግሌው የልጅቷን ጉንጭ አዩ። መዳፋቸው ላይ የነበረው ኦቾሎኒ ደረጃው ላይ ተበተነ።

«አንድ ቀን» አሉ።

«አንድ ቀን?»

«እዚህ ደረጃ ላይ የወደቀች ዕለት። ጉልበቷ ደምቶ አልቅሳ አልቅሳ አላቆም ስትለኝ አንዲት ከረሜላ ገዛሁላት። አንዲት ናት ልጄ። ለእናትሽ አትንገሪ አልኳት።»

«የተያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ነው የሚለው።»

«አባባ አንድ ቀን ብቻ ነው የሰጡኝ» አለች ልጅቷ፣ ጥጥ በጎረሰው አፏ።

«አንቺ ዝም በይ። ውሸቱንም አስተምረውሻል።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይከራከር ነበር። ሽማግሌው ግን ዕድሜያቸውን ከጎማ ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ጭነት የሚሸከም ጎማ በአንዲት ቀጭን ሚስማር እንደሚተነፍስ እጃቸው ያውቃል። ሚስማሯ ስንት ቀን ገባች ብሎ የሚጠይቅ ጎሚስታ የለም፤ አንዴ ከገባች ገባች ነው። ጥርስም እንደዚያው መሰላቸው። «ልክ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው፤ «አንዲትም ትበቃለች።»

ካሮት ይህን ጥፋታቸውን እንዳመኑ አድርጋ ሰማችው። ምላስ አጥንት የላትም፤ ያን ዕለት የካሮት ምላስ ያላለችው የለም። ከሁሉ የከፋው ግን የመጨረሻው ነበር። «የእርስዎ አፍ አለቀ፤ የልጄንም ጨረሱልኝ» አለቻቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የተበተነውን ኦቾሎኒ አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር።

ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ሽማግሌው «ወደ እህትህ ቤት አድርሰኝ» አሉት። ልጃቸው ሚስቱን አየ። «በአንድ ከረሜላ?» አላት። «አንተ መንገድ ላይ ነህ፣ አፏን የማየው እኔ ነኝ» አለችው። ይህ እውነት ስለነበር ወጥቶ መኪናውን አስነሣ። ሽማግሌው ወደ ጭነት መኪናው ጋቢና ሊወጡ ሲሉ ልጅቷ እጇን ዘረጋችላቸው፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ከጀርባቸው ነበር ያደረጉት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸዳ። ደረጃው ላይ የኦቾሎኒ ልጣጭ የለም። ከሰዓት በኋላ ልጅቷን አንዲት ጎረቤት ትቀበላታለች፤ ኦቾሎኒው ስለቀረ ካሮት ዘቢቡን ጨመር አደረገችው። የካሮት ልብም አረፈ፤ ሚስማሩ ተነቀለ ብላ።

በዓመቱ ከኋላ የበቀለው አዲሱ ጥርስ ጠቆረ። ካሮት መጀመሪያ የልጅቷን ቦርሳ ፈተሸች፣ ከዚያ ፍራሹን፣ ከዚያ ሱቅ ሄዳ ልጄ ምን ትገዛለች ብላ ጠየቀች። ጎረቤቷንም ተቆጥታ ተቀያየመች። ምንም አልተገኘም። ክሊኒኩ ውስጥ ተራቸውን ሲጠብቁ ልጅቷ እግሯን እያወዛወዘች «እማዬ፣ አባባ እኮ ጎማ ሲለጥፉ መጀመሪያ የውጪውን ጎማ ውስጡን ይዳብሱ ነበር» አለች። «ሚስማሩ እዚያው ከቀረ የውስጡ ጎማ በአዲስ ቢቀየርም ይተነፍሳል።» ካሮት «ዝም በይ» ልትላት አፏን ከፈተችና ተወችው።

ዶክተሩ በዚህኛው ጊዜ እጃቸውን ለመታጠብ አልቸኮሉም። «ከጠዋት ጀምሮ የምትበላውን ንገሪኝ እስቲ» አሉ። ካሮት ፈተናዋን እንዳጠናች ተማሪ ቀጥ ብላ ዘረዘረችው፤ ዘቢቡን፣ ጭማቂውን፣ ቴምሩን፣ ማሩን።

«ዘቢቡን መቼ ነው የምትበላው?»

«ቀኑን ሙሉ ጣል ጣል ታደርጋለች።»

«ጭማቂውንስ?»

«እየተጎነጨች ነው የምትማረው።»

«ማር ያለበት ወተቱስ? ከጠጣች በኋላ ጥርሷን ትቦርሻለች?»

«አይ፣ ከቦረሸች በኋላ ነው የምሰጣት። እንቅልፍ እንዲወስዳት።»

ዶክተሩ መስታወቷን አስቀመጡ። «ዘቢብ እኮ ጥርስ ላይ ተጣብቆ የሚውል ስኳር ነው» አሉ። «ቴምሩም ማሩም እንደዚያው። ጭማቂውን በየደቂቃው ስትጎነጭ አፏ ዕረፍት አያገኝም። አንድ ቀን የተበላ ከረሜላ ጥርስ አይበሳም፤ የሚበሳው ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚጣፍጥ አፍ ነው። ብርቱካኑን እንዳለ በልታ ውሃ ብትጠጣበት፣ ለመክሰስ አይብ፣ ወይ ኦቾሎኒ ቢሆን ኖሮ…»

«ሥዕሉ ላይ ወይን አለ» አለች ካሮት።

«ወይን አለ። ዘቢብ አለ?»

ካሮት ወደ ተጠባባቂዎች ክፍል ዞር አለች። «ይኼን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ሆነሽ ምነው አንድ ቀን ብትጠይቂኝ?» አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። ምን ትበል? የጠየቀች ዕለት የምታጥብ የምትጠርግ ሴት ሆና ልትቀር ነው፤ ያልጠየቀች እንደሆነ ግን ‹ካሮት› ናት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ለማን እንደተተረተ ያን ቀን ገባት። ከሁሉ ይልቅ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ግን ‹ኦቾሎኒ› የሚለው ቃል ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት ስልክ አንሥታ ደወለች ብል ደስ ባለኝ። አልደወለችም። ዘቢቡንና ጭማቂውን ድምፅ ሳታሰማ አስቀረች። ለባሏ «ጥርሷ በተፈጥሮው ደካማ ነው ተባለ» አለችው። ጎረቤቶቿ ዘቢብ ከየት እንደምትገዛ ሲጠይቋት «አይብዛባቸው» ብላ አለፈች፤ ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ኦቾሎኒ ገዝታ ራሷ ፈለፈለችላት፤ ልጅቷም በልታ «የአባባ ይጣፍጣል» አለቻት። ይቅርታ መጠየቅ ለካ ጥርስ ከማስነቀል ይብሳል፤ ማደንዘዣ የለውም። ካሮት እንዲህ እያለች፣ ዛሬ ነገ ስትል፣ ባሏ አንድ ቀን «አባባ ደክመዋል፣ ምግብም አይወስዱም» አላት። ያኔ አውቶቡስ ተሳፈረች።

የባሏ እህት ቤት ሽማግሌው የሚተኙት ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ባዶ ካርቶኖች ከራስጌያቸው ተደርድረዋል። ኮታቸውን እንደለበሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ሊነሡላት ሞከሩ። «ልጅቷ እንዴት ናት?» አሉ፣ ከሰላምታው በፊት።

የባሏ እህት ሻይ አመጣችላቸው። ካሮት ስኳር ልትጨምርላቸው ማንኪያውን ስታነሣ ሽማግሌው ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ትቼዋለሁ» አሉ።

«ከመጡ ጀምሮ መራራውን ነው የሚጠጡት» አለች የባሏ እህት። «ሐኪም ከለከለዎት ወይ ስላቸው የከለከለኝ የለም ይላሉ። ምን እንደሚያስቡ እንጃ።» ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ካሮት የተከደነውን ብርጭቆ አየች። ጥርስ የሌለው ሰው ከስኳር የሚጠነቀቅበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከእሷ በስተቀር የሚያውቅ የለም።

«አባባ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች።

«ምኑን?»

«የልጅቷን ጥርስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዘቢቡ ነው፣ ጭማቂው ነው፣ ማታ ማታ የምሰጣት ማር ነው። ዶክተሩ ነገሩኝ። የእርስዎ ኦቾሎኒ ለጥርሷ ጥሩ ነበር። ያቺ ከረሜላ ምንም አላደረገቻትም። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ፊታቸው በርኅራኄ ላላ።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «ይኼን ልትነግሪኝ ያን ሁሉ መንገድ መጣሽ።»

«እውነቴን ነው አባባ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሽማግሌ ሰው ከነጸጸቱ አይሙት ብለሽ ነው። ልጄ ነው የላከሽ አይደል?»

«ማንም አልላከኝም። በልጄ እ…»

«በእሷ አትማይ» አሉ ኮስተር ብለው። «ለእኔ ብለሽ በልጅ በሐሰት አይማልም። አንቺ ጥርስ ሐኪም ቤት የምትውይ ሴት፣ ለልጅሽ ጥርስ የሚበጀውን ታጪዋለሽ? ሰፈሩ ሁሉ አንቺን አይደል የሚጠይቀው? እኔስ ኦቾሎኒውን ከአንቺ አይደል የተማርኩት? ዘቢብ ጥርስ በላ ብትይኝ ማን ያምንሻል። ያቺን ከረሜላ ወረቀቷን ልጬ የሰጠኋት በዚህ እጄ ነው።»

ካሮት አለቀሰች፤ እጇን አፏ ላይ ማድረግ እንኳ ረሳች። እሳቸው ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ «ተይ፣ ተይ፣ አልተቀየምኩሽም» ይሏት ነበር። በንዴት የተናገረችውን አንዲት ቃል ሳያላምጡ የዋጡ ሰው እውነቱን አልውጥም አሉ። እሷ ልትሸከመው ይዛ የመጣችውን በደል ከእጇ ነጥቀው መልሰው ተሸከሙት፤ ይባስ ብለው መረቋት።

«ይመለሱ» አለቻቸው። «ልጅቷ ትፈልግዎታለች።»

«ትልልቅ ጥርሷን አብቅላ ትጨርስ» አሉ። «እስከዚያ ሩቅ ልሁን። ስታለቅስብኝ አልችልም፤ እጄን አላምነውም።»

ልትሄድ ስትነሣ ከትራሳቸው ሥር አንድ ፌስታል አወጡ። ኦቾሎኒ ነው፤ ተፈልፍሎ፣ ልጣጩ ታሽቶ ወጥቶ፣ ንጹሕ ሆኗል። «ለልጅቷ ያዢልኝ» አሉ። እጇን ስትዘረጋ ግን አልለቀቁላትም። የፌስታሉን አፍ ከፍተው ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረጉት፣ ጣታቸውን ሰድደው ኦቾሎኒውን ከታች ወደ ላይ ገለባበጡት። ቀጥለው የኮታቸውን ቀኝ ኪስ ጎትተው ወደ ውጭ ገለበጡ፤ ከዚያ ግራውን።

«እይው ልጄ» አሉ። «ሌላ ነገር የለበትም። ጨርሰሽ እይው።»

«አያስፈልግም፣ አባባ።»

«የለም፣ እይው። ኋላ አንድ ነገር ብትሆን ደግሞ እኔ ነኝ እንዳልል።»

ካላየች አይለቁትም። ጎንበስ ብላ ፌስታሉ ውስጥ እስከ ታች ድረስ አየች፤ ኪሶቹንም አየች። «የለበትም፣ አባባ» አለቻቸው። ያኔ ለቀቁላት።